የአላፓቲ ኩላሊት እና የመንደሩ ምሳ

አላፓቲ ለንግግር ሲነሳ ሴቶቹ ከጋለው ድንጋይ ላይ ሊያወጡት የነበረውን አሳማ መልሰው በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑት ነበር። ልምድ አስተምሯቸው ነው። ሰውየው ረጅሙን ዘንግ ተደግፎ፣ የዝንብ ጭራውን ትከሻው ላይ ጥሎ በመንደሩ ስም የሚናገር ተናጋሪ ሹም ነው። እንግዳ ሲመጣ ይናገራል፣ ሰው ሲሞት ይናገራል። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት የተመረቀ ዕለትም የተናገረው እሱ ነበር። ያን ቀን ከዓለም መፈጠር ተነስቶ፣ የሳሞአ አለቆችን የዘር ሐረግ ተራ በተራ ዘርዝሮ ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ ልጆቹ ጫካ ገብተው ጉዳያቸውን ጨርሰው ተመልሰው ነበር።

በመንደሩ በዚህ የሚስተካከለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፔኒቲቶ ነው። ሁለቱ አብረው አደጉ፣ በአንድ ታንኳ ዓሣ አጠመዱ፣ ሉፔሲናንም ሁለቱም ፈለጓት። ሉፔሲና አላፓቲን አገባች። ለምን እንደመረጠችው ለጠየቃት ሁሉ፣ "ጥርሱ ደህና ነበር" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

እንደ ወጉ ከንግግር በፊት ተናጋሪዎቹ ቆመው "እኔ ልናገር፣ የለም እኔ" እየተባባሉ አንዱ እስኪለቅ ድረስ በአደባባይ ይከራከራሉ። አላፓቲና ፔኒቲቶ ሲከራከሩ ሕዝቡ በሚሰማው ድምፅ "የተከበሩ ወንድሜ፣ የደሴቲቱ መብራት" ይባባላሉ። ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ደግሞ "ተቀመጥ አንተ ሸርጣን"፣ "ሚስትህ እንኳ አትሰማህም" ይባባላሉ። እንዲህ ሲሉ ሸመገሉ።

ድካሙ መቼ እንደጀመረው አላፓቲ ራሱ አያውቅም። እስከዚያ የሚያውቀው ድካም ዓይነት አልነበረም። ሰው ጎደሬ ሲተክል ውሎ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ሲነሳ ለቆታል። ይሄኛው ግን ጠዋት ሲነሳ እዚያው ትራሱ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቀው ነበር። ሽርጡን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ መቋጠር ራሱን የቻለ ሥራ ሆነበት፤ ከቋጠረ በኋላ ለማረፍ ይቀመጣል። ተቀምጦም የሚቀጥለውን ሥራ፣ ማለትም መነሳትን፣ በፍርሃት ያስባል።

በሹማምንቱ ስብሰባ ላይ በማዕረጉ የተመደበለትን ምሰሶ ተደግፎ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሰው አላወቀበትም። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል፣ ነገሩን በጥልቀት እየመረመረ ነው ብለው የበለጠ አከበሩት። አንድ ቀን ስለሚለቀቁ አሳማዎች ሲነጋገሩ ግን አንኮራፋ።

ፔኒቲቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "የተከበሩ አላፓቲ ተቃውሞ ያላቸው ይመስላል" አለ።

ሉፔሲና ነገሩን ስንፍና ነው አለችው። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፍህ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ አሁን እሱም ሊተው ነው?" አላፓቲ መልስ አልሰጣትም፤ እሷን ያሳሰባት ይሄ ዝምታው ነው። ከዚያ ደግሞ ምግብ አልጥም አለው።

"ይሄን ጎደሬ በምን ቀቀልሽው? ምስማር ምስማር ይላል።"

"ምስማር ቢኖረኝ ጣራውን አስመታበት ነበር።"

ቀጥሎ ማሳከኩ መጣ። ቆዳው ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ የሚበላው ከሥር ነው፣ ጥፍር ከማይደርስበት። የአያቱን የክብር ጭራ እጀታ ጀርባው ውስጥ ሰድዶ ያክበታል። እሱም ሳይበቃው ሲቀር የቤቱን ምሰሶ ይዞ ላይ ታች ይላል። ቤቱ እንደ ማንኛችንም ቤት ግድግዳ የለውምና በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ተናጋሪውን እንደ አሳማ ሲታሸት ያየዋል፣ ወጉን ጠብቆም ሰላም ይለዋል። አላፓቲም እየታሸ አጸፋውን ይመልሳል።

እግሩ ደግሞ አበጠ። ሉፔሲና ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። ደነገጠች። ስትደነግጥ ሰው መጥራት ልማዷ ነውና ጎረቤቶቿን ጠራች፤ እነሱም በየተራ እየተጫኑ አዩ። አላፓቲ እግሩን ዘርግቶ፣ "ስትጨርሱ ንገሩኝ" ብሎ ተኛ።

አሮጊቷ ፊያፓይፓይ ተጠራች። በመንደሩ ታማሚ የምታሽ እሷ ናት። ሆዱን በኮኮናት ዘይት አሸችው፣ ጆሮዋን እምብርቱ ላይ ደቅና አዳመጠች፣ ከዚያም የሞተች አክስቱ ተቆጥታበታለች አለች።

"የትኛዋ አክስቴ?" አለ አላፓቲ።

"ቁጡዋ።"

"ሁሉም ቁጡ ነበሩ።"

ስለዚህ ላለመሳሳት የአክስቶቹ ሁሉ መቃብር ታጠበ፣ ነጭ ቀለም ተቀባ፣ አበባም ተተከለበት። መቃብሮቹ አማረባቸው። አላፓቲ ግን እንደዚያው ነበር።

የጎረቤት መንደር ሽማግሌ ሞተና የኛዎቹ ለለቅሶ ሄዱ። አላፓቲና ፔኒቲቶ እንደ ወጉ ለክርክሩ ጎን ለጎን ቆሙ። ፔኒቲቶ የሚሰማውን ሙገሳ ከጨረሰ በኋላ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "አፍህ ምን ሆኖ ነው? የዓሣ ጀልባ ወለል ይሸታል" አለው።

አላፓቲ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መልስ ነበረው። ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። የሚያወጣበት ትንፋሽ ግን አልነበረም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ ተሰድቦ ዝም አለ። ፔኒቲቶ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዞሮም፣ "ምን ሆንክ?" አለው፣ በእውነተኛ ድምፁ። ያኔ አላፓቲ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የወደቀውም ለሟቹ ክብር በተነጠፉት ውድ ስስ ምንጣፎች ላይ ነው። የሟቹ ቤተሰቦች ምንጣፉን ከሥሩ ለማውጣት ሲጎትቱ ፔኒቲቶ ደግሞ አላፓቲን ይጎትት ነበር። ፒክአፕ መኪና ላይ ጫነው፣ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ዋና ከተማው አፒያ ሆስፒታል ድረስ፣ "እንዳትሞትብኝ አንተ ሸርጣን፣ ሽርጤ አዲስ ነው" እያለ ወሰደው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወረቀቶቹን አገላብጦ ወንበሩን ጠጋ አደረገና፣ "ኩላሊቶችዎ ሥራ አቁመዋል" አለ።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

"ተማክረው ነው?"

ሐኪሙ መሳቅ ይኑርበት አይኑርበት አላወቀም። ቀስ ብሎ አስረዳው። ስኳሩና የደም ግፊቱ ለዓመታት ሲጎዷቸው ኖረዋል። ኩላሊት ደግሞ ሲጎዳ አይጮህም። ቆሻሻው ከደም ውስጥ ሳይወጣ ሲቀር ሰውነት ይዝላል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ምግብ ብረት ብረት ይላል፣ ውሃው እግር ላይ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይሸታል። የግፊት ክኒን ይውጥ እንደሆነም ጠየቀው። አላፓቲ ይውጣል፤ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በፊት።

ተከትላ የደረሰችው ሉፔሲና እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣ ይህን ሁሉ ሰማች። ስንፍና ያለችው፣ ምግቧን የነቀፈባት፣ ምሰሶው ላይ የታሸው፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር።

"አክስትህን በከንቱ ነው ያማናት" አለች። የሽርጧን ጫፍ አንስታ ፊቷን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ አላፓቲ በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳው አውቶቡስ አፒያ እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥብ ጀመር። ክንዱ ላይ ለማጠቢያው መርፌ የደም ሥሮቹን ገጣጥመውለት ነበርና ጆሮ ሲደቀንበት እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። የመንደሩ ሰው ይህን ለመስማት ተሰለፈ። ፓስተሩም መጥቶ አዳመጠና፣ "የጌታ ሥራ ድንቅ ነው" አለ። አላፓቲ፣ "የጌታ ሥራስ የቆመው ነው፤ ይሄ የሐኪሞቹ ነው" አለው።

እጥበት ክፍሉ ውስጥ የምትነግሠው ነርሷ ቫይሶላ ናት። ትልቅ ሴት ናት፣ ሳቂታ፣ ለታላቅ የሚገባውን የአክብሮት ንግግር አንድ ቃል ሳታጓድል ሰውን የምታዋርድ። የመጀመሪያ ቀን ጎደሬ፣ ሙዝና ኮኮናት እንዲተው ነገረችው።

"ታዲያ ሰው ምን ይበላል?"

"ሩዝ አለ፣ አባባ።"

"እሱ የምግብ ማስታወቂያ ነው እንጂ ምግብ አይደለም።"

ውሃም በትንሽ ኩባያ ተለክቶ ነው። ይሄ ከሁሉ የባሰ ነበር። ባሕር ከብቦት፣ ዝናብ ጣራው ላይ እየወረደ፣ እሱ የበረዶ ቁራጭ እንደ ከረሜላ ይመጥጣል። ቫይሶላ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ታቆመዋለች።

"አባባ፣ ምን ጠጡ?"

"ምንም።"

"ሚዛኑ ጠጥተዋል ይላል።"

"ሽርጡ ነው። ወፍራም ነው።"

"ሽርጡ ሐብሐብ በልቷል?"

አላፓቲ፣ ነገሥታትን በንግግር የሚረታው ሰው፣ ሚዛን ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ሐብሐቡን የበላው ከቤቱ ጀርባ ተደብቆ ነው፤ ሉፔሲና እንኳ ያወቀች አልመሰለውም።

እጥበቱ ሲያልቅ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሆናል። አውቶቡሱ ሲሞላ ሰው ሰው ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አላፓቲም የደረሰበት ጭን ላይ ይተኛል። አንድ ቀን የሌላ መንደር ዲያቆን እቅፍ ውስጥ አንቀላፍቶ ነጭ ሸሚዙን በለሃጭ አራሰበት። ማንም አልተቆጣውም፤ እሱን የከነከነውም ይሄው ነው። ድሮ ሲያልፍ የሚሸማቀቁት ሰዎች አሁን ወንበር ያቀርቡለታል፣ እንደ ሕፃን ቃል እያስረዘሙ ያናግሩታል። በስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሲጀምር ሌላው በደግነት ይጨርስለታል፤ የሚጨርሱለትም ስህተት አድርገው ነው።

"ዘንጉን ለፔኒቲቶ ልስጠውና ልረፍ" አላት ሉፔሲናን አንድ ከሰዓት፣ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ።

"ስጠው። ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ትንፋሽ የሌለው ተናጋሪ ምንድን ነው?"

"ባል ነዋ" አለች ልብስ እያጠፈች። "እሱንም እስካሁን በደንብ አልሞከርከውም።"

ይህን ሰምቶ ዘንጉን ሳይሰጥ ሰነበተ።

የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ከማዶ ደሴት፣ ከሳቫይኢ፣ ብዙ እንግዶች መጡ። በጀልባ ተንገላተው፣ በአውቶቡስ ተንገላተው፣ በቀትር ፀሐይ ሣሩ ላይ ተደረደሩ። ተናጋሪዎቹ ቆሙ። አላፓቲም ለወጉ ያህል ቆመ፤ ሲሸነፍ ሊቀመጥ ነበር። ፔኒቲቶ ግን ክርክሩን ገና ከመጀመሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ወንድሜ ታሟል። ምናልባትም የመጨረሻው ይሆናል። ለእሱ ለቅቄያለሁ" አለ።

ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። አላፓቲ ጆሮው ድረስ ጋለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፔኒቲቶ ብዙ ብሎታል፤ አዝኖለት ግን አያውቅም።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለው በሹክሹክታ።

"ተናገር እንጂ። ወይስ ረሳኸው?"

አላፓቲ ዘንጉን ሣሩ ላይ ተከለ። የእንግዶቹ የማዕረግ ስሞች፣ የአያቶቻቸው ውጊያዎች፣ የወረዱባቸው ተራሮች፣ ሁሉም በአእምሮው ተደርድረው ይጠብቁት ነበር። ትንፋሹን ሳበ፤ እስከ መጀመሪያው አያት እንኳ አያደርስም። ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን አያቸው፤ ላባቸው ይንጠባጠባል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ የአንዷ አሮጊት ዓይን የተጠበሰው አሳማ ላይ ተተክሏል።

"የተከበራችሁ እንግዶች" አለ። "ማን እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛም እናውቃለን። እግዚአብሔርም አይረሳም።" ትንፋሽ ወሰደ። "ባሕር አቋርጣችሁ መጣችሁ፤ ደስ ብሎናል። አዳራሹ ይኸው። ጣራው እስካሁን አያፈስም።" እንደገና ትንፋሽ ወሰደ። "እኔን አሞኛል። እናንተን ርቧችኋል። አሳማው ደርሷል። እንብላ።"

ተቀመጠም።

ሹማምንቱ እርስ በርስ አልተያዩም። ከዚያ የእንግዶቹ ተናጋሪ፣ መልስ መስጠት ያለበት፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ፣ በሰው ተደግፎ ተነሳ። የአላፓቲን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እኛም እንደዚያው" ብሎ ተቀመጠ።

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ነው የጀመረው። በመንደራችን የድግስ አሳማ ትኩሱን ሲበላ፣ ቆዳው ጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነበር። አላፓቲ ከአሳማው ትንሽ ቆረሰ፤ አሁንም ምስማር ምስማር አለው። ሰዎቹ ሲበሉ እያየ ግን ተቀመጠ፤ ማየቱም አልከፋም።

ሹማምንቱ ግን በሰኞው ስብሰባ የዘር ሐረግ በመዝለሉ ቀጡት፤ ቅጣቱም ብዙ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ነው። ሉፔሲና ከየት እንደምታመጣ ስታስብ፣ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሴቶች አንድ በአንድ ካርቶን ተሸክመው ቤቷ ደጃፍ ላይ እያስቀመጡ ሄዱ። አንዷም ምክንያቱን አልተናገረችም። ከቅጣቱም ተርፎ ለጎረቤት ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ አላፓቲን ሰው ተሻማበት። ሠርግ ያለው፣ ለቅሶ ያለው፣ ቤት ያስመረቀ ሁሉ፣ "አባባ፣ እጥበት የሌለዎት ቀን መቼ ነው?" እያለ ይመጣል። ደክሞት እንደሆነ ድግሱን ያሸጋግሩለታል። ፔኒቲቶም ቀንቶ በክርክር ላይ ደረቱን ይዞ መሳል ጀመረ።

"አንተን ደግሞ ምን ያስልሃል?" አለው አላፓቲ።

"ኩላሊቴን ይመስለኛል።"

"ኩላሊት በዚያ በኩል አይደለም ያለው።"

እጥበት ክፍሉ ውስጥ ከአላፓቲ ቀጥሎ ባለው ወንበር የሚታጠበው ሴሚሲ የሚባል ታክሲ ነጂ ነበር። ዝናውን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን፣ "እኔን ስትቀብረኝ ከዚያኛውም አጠር አድርገው" አለው።

"ከዚያኛው ያጠረ ሳል ብቻ ነው የሚቀረው።"

"ሳል ይበቃኛል።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ቫይሶላ የሴሚሲ መርፌ እንዳይነቀል ክንዱን ይዛ ተቆጣቻቸው። በዝናቡ ወራት ሴሚሲ ጥቂት ቀን ቀረ። ቫይሶላ ወንበሩን ጠርጋ አንሶላ ቀየረች፣ አላፓቲም ገባው።

ቀብሩ ላይ ተናጋሪው እሱ ነበር። ታክሲ ነጂዎቹ መኪኖቻቸውን በመንገዱ ዳር ደርድረው ቆመው ነበር። አላፓቲ ዘንጉን ተደግፎ ተነሳ።

"ሰው ሲሞት ሁሉ 'አረፈ' እንላለን" አለ። "ብዙዎቹ ሳይደክማቸው ነው የሚያርፉት። ሴሚሲ ደክሞት ነበር፣ እንደደከመውም ሳለ ያስቀን ነበር። እሱ በእውነት አረፈ።"

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ሲቀመጥም ማንም አልሳቀም።

እጥበት በሌለበት ቀን፣ ሰውነቱ ትንሽ ሲለቀው፣ አላፓቲ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከዳርቻው አጠገብ ውሃው ረጋ ያለ ነው፤ እስከ ደረቱ ገብቶ ሲቀመጥ ማሳከኩ ይተኛለታል። ሉፔሲናም ከነልብሷ ገብታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ቫይሶላ አደራ ብላታለች፤ ውሃውን ቢጠጣባትስ።

"በባሕር ውሃ እንኳ ልታምኚኝ አትችዪም?" ይላታል።

"አንተን በሐብሐብ አውቅሃለሁ።"

ለካ ታውቅ ኖሯል። አላፓቲ ወደ ማዕበሉ መስበሪያ አሻግሮ አየ። ክንዱ ውሃው ውስጥ ሆኖም ይጮሃል። እሷ ጆሮዋን ሳትደቅን መዳፏን አሳረፈችበት።

"ደክሞሃል?" አለችው።

"ደክሞኛል።"

"እንግባ?"

"ትንሽ እንቆይ።"

ቆዩ።